ስድስት ክንድ ተኩል

ነቀምት፣ ሰኔ 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ውድ መምህሬ ጋሼ ዓምደሚካኤል፣

የፋብሪካው ሰው አቶ ወልደዮሐንስ ከዚህ ደብዳቤ ቀድመው ቤትዎ ደርሰው ይሆናል። «ያንተ ዋቅወያ ፊቴ አሥራ አንድ ኳስ ወርውሮ አሥራ አንዱንም ሳተ» ብለውዎት ከሆነ አልዋሹም፤ ስቻለሁ። «ጥፋቱ የቅርጫቱ ነው፤ አባቱ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጥቶ ነገረኝ» ብለውዎትም ከሆነ አልዋሹም፤ አባቴ ሄዷል። ያልነገሩዎት እሳቸውም የማያውቁትን ነው። እሱን ልጽፍልዎት ሦስት ቀን ወረቀት ፊት ተቀምጬ ተነሣሁ። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ ደክሞኛልና ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ሚያዝያ ከአዲስ አበባ የጻፉልኝ ደብዳቤ ዲጋ ነው ያገኘኝ። ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት አስተምሩ ብሎ በየጠቅላይ ግዛቱ ሲበትነን ዲጋ ደርሶኝ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ነበር። በእሱም የአዲስ አበባው ፋብሪካ ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ፣ ውሉ የሦስት ዓመት እንደሆነ፣ ለስሙ የመጋዘን ጸሐፊ ተብዬ ሥራዬ ግን ኳስ ብቻ እንደሚሆን ነገሩኝ። ወይ መስከረም ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሼ የቀረችኝን አንድ ዓመት እጨርሳለሁ፣ አለዚያም ፈርሜ ትምህርቱን እተዋለሁ። ሁለቱን አጣምሮ ማስኬድ እንደማይቻል አቶ ወልደዮሐንስ በግልጽ አስታውቀዋል። እርስዎ ደግሞ ከደብዳቤው ግርጌ እንዲህ አሉኝ፦ «ትምህርት ቤት የትም አይሄድም፤ ጉልበት ግን ይሄዳል። እኔ በወጣትነቴ ለኳስ ተጠርቼ ሳልሄድ ቀረሁ። አንተ ሂድልኝ።»

ውሉ አልከበደኝም ጋሼ። የከበደኝ «ሂድልኝ» ያሉት ነው።

ለእርስዎ አልፈልግም እንዴት ይባላል? የጊምቢ ተማሪዎችን በገጠምን ዕለት፣ ጨዋታው ገና ሳይጋመስ ጫማዬ ለሁለት ሲቀደድ፣ የራስዎን ሸራ ጫማ አውልቀው ሰጡኝና እስከ መጨረሻው በካልሲ ጭቃ ላይ ቆመው ሲያጨበጭቡ ዋሉ። ያንን ጫማ ያደረገ ልጅ በምን አፉ እምቢ ይላል? ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ መልስ ሳልጽፍ ቀረሁ። እርስዎም ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥረው ሰውየውን ውል አስይዘው ላኩ። አልፈርድብዎትም፤ በእኛ አገር ዝም ያለ ሰው እሺ እንዳለ ነው።

ቅርጫቱን መቼም አይረሱትም። በ1953 ዓ.ም. ከሸዋ ተመድበው ሲመጡ ኳሷን በጆንያ ይዘው ነበር የመጡት፤ ሰው ዱባ መስሎት ነበር። የነቀምት ሰው ቅርጫት ኳስ ምን እንደሆነ ባያውቅም ለትምህርት ቤት ነው ሲባል በደቦ ወጣ። ሜዳው ተደለደለ፣ ግንድ ከጫካ መጣ፣ ቀጥቃጩ ከበርሜል ላይ ቀለበት ቆርጦ አዘጋጀ። ሜትር ብቻ አልነበረም። እርስዎ መጽሐፍዎን አገላብጠው፣ በራስዎ ክንድ አስልተው፣ «ቁመቱ ስድስት ክንድ ተኩል ይበቃል» አሉ። ያኔ ነው ባለሱቁ ገብረመስቀል «በማን ክንድ?» ብሎ የጠየቀው።

እርስዎ አገሩን ገና አልለመዱትም ነበር። በእኛ ገበያ ገመድ ወይም አቡጀዲ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ነው የሚሄደው። ሻጩ ያጉረመርማል፣ ግን በዚያው ክንድ ይለካል። በከተማው ውስጥ ደግሞ እንደ አባቴ እንደ ባቻ ያለ ክንድ አልነበረም። ገብረመስቀል አባቴን ከሱቁ ደጅ ባየው ቁጥር «ዛሬ ደግሞ የማን ዘመድ ሆነህ መጣህ?» እያለ ነበር የሚቀበለው። ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «የልጆች ነገር ነው፣ እንዳይጎድልባቸው፤ በባቻ ይለካ» አለ። አባቴም እጅጌውን ሰብስቦ ግንዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ለካ። እርስዎ አንድ ነገር ሊናገሩ አፍዎን ከፍተው እንደነበር አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ መመረቅ ሲጀምሩ ግን አብረው አሜን አሉ።

ስድስት ክንድ ተኩል በአባቴ ክንድ ሦስት ሜትር ተኩል ነው። ከትክክለኛው የቅርጫት ቁመት አርባ አምስት ሳንቲም ትርፍ አለው። ይህን ያወቅሁት አዲስ አበባ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ የወረወርኩት ሁሉ ከሰሌዳው በላይ እያለፈ ሲሄድ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። በኋላ ግን ያ ሰማይ ነክቶ የሚወርደው ኳሴ ነው ስም ያወጣልኝ። ለእረፍት ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም። አባቴን በመንገድ ሲያልፍ «የቅርጫቱ አባት» ይሉታል፤ ምን ብዬ ልናገር? እርስዎም ሜትር በእጅዎ ከገባ በኋላ ሳይለኩት አልቀሩም። ሁላችንንም ይሉኝታ ይዞን ዘጠኝ ዓመት ኖርን።

አቶ ወልደዮሐንስ ቅዳሜ ማታ ደረሱ። እሑድ ጠዋት ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው ሁሉ በክት ልብሱ ወደ ሜዳው መጣ። አባቴን ከሽማግሌዎቹ መካከል ወንበር አውጥተው አስቀመጡት። አቶ ወልደዮሐንስ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወደ ጎን ወስደውኝ «ውሉን ይዤዋለሁ። ጉልበትህን ያምሃል ሲሉ ሰምቻለሁና ጥቂት ወርውርልኝ፣ ልይህና እንፈራረማለን» አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹን አራት በእውነት ሳትኩ። እጄ በትክክለኛው ቅርጫት ዓመታት ለምዳለች፤ ኳሷ የቀለበቱን ሥር እየነካች ተመለሰች። አምስተኛውን ልወረውር ጉልበቴን ሸብረክ ሳደርግ ግን እጄ የድሮውን ቅርጫት አስታወሰች። አቶ ወልደዮሐንስ የማያውቁት ይህን ነው ጋሼ። እንደምትገባ አውቄ ነበር። ኳሷ ከጣቴ ልትወጣ ስትል ትንሽ ወደ ግራ ጠመም አደረግኳት።

ከእሷ ጀምሮ የቀሩትን ሰባቱን ሆን ብዬ ነው የሳትኳቸው።

ለምን እንደሆነ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ደክሞኛል። ጉልበቴ ከጨዋታ በኋላ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ያብጣል፤ እሱ ግን ሰበብ ነው፣ በጨርቅ ታስሮም ይሮጣል። የደከመኝ ለሰው መጫወት ነው። ለእርስዎ ተጫወትኩ፣ ለአባቴ ተጫወትኩ፣ ለነቀምት፣ ለዩኒቨርሲቲው ተጫወትኩ፤ ለራሴ የተጫወትኩበትን ቀን ብፈልግ አጣሁት። ዲጋ ላይ አንድ ቀን ክፍልፋይ ሳስተምር በዛብሽ የምትባል ልጅ ጠመኔውን ከእጄ ተቀብላ ሰሌዳው ላይ ሠራችና «እንዴ፣ ይኸው ነው እንዴ?» ብላ ብቻዋን ሳቀች። ማንም አላጨበጨበም። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ደስ እያለኝ ሄድኩ። ሒሳቤን ልጨርስ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ እንደዚያ ወዳለ ክፍል ልመለስ ነው የምፈልገው። ይህን ለእርስዎ መጻፍ አቃተኝ። ቅርጫቱ ይንገርልኝ ብዬ ከኋላው ተደበቅሁ።

አሥራ አንደኛዋ ስታልፍ አንዲት ጎረቤታችን «የአዲስ አበባ ብርድ እጁን ወሰደው» ስትል ሰማሁ። አቶ ወልደዮሐንስ ወረቀታቸውን ሳያወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አባቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ቢሆንም እፎይ ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ እፎይ ያልኩበት ቀን የለም።

ሰኞ ጠዋት ስነሣ አባቴ ቤት አልነበረም። የሆነውን የነገረኝ በኋላ ገብረመስቀል ነው፤ ዕቃ ሊጭን አውቶቡስ ተራ ነበር። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ሊወጣ ሲል አባቴ መጥቶ በሩን በዚያ ክንዱ ያዘው። አቶ ወልደዮሐንስን በስም ጠራቸው። ደግነቱ መጀመሪያ ሰላምታ አልዘለለም፤ «አካም ቡልተኒ» ብሎ ስለ አዳራቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው ጠየቀ፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ከዚያ ክንዱን እስከ ትከሻው ገልጦ ዘረጋና ገብረመስቀልን አስተርጉምልኝ አለው።

«ልጄ አልሳተም። የሳተው ይህ ነው። ሜትር ወደ ገብረመስቀል ሱቅ በመጣ ጊዜ ሰው ሳያየኝ ቅርጫቱን ለክቼዋለሁ፤ ይረዝማል። ሰው በክንዴ አከበረኝና መናገር አፈርኩ። ልጄ በእኔ ኀፍረት እንጀራውን አይጣ።»

ገብረመስቀል እንዳለኝ አውቶቡሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ያይ ነበር። አቶ ወልደዮሐንስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወረዱ፣ ክንዱን ሳሙት፣ ውሉንም እጁ ላይ አኖሩለት፤ «ይፈርምና በፖስታ ይላክልኝ» ብለው።

አባቴ ወረቀቱን ከካፖርቱ ሥር ከዝናብ ደብቆ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አስተካከልኩልህ» አለ። «እዚህ ላይ ነው የምትፈርመው፣ በጣታቸው አሳይተውኛል።» የወረቀቱን ጥግ በጥፍሩ ይዞ ነበር፣ ቦታው እንዳይጠፋው።

ከዚህ በኋላ የተባባልነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ በአማርኛ ልጻፍልዎት።

«አባ፣ ሰባቱን ሆን ብዬ ነው የሳትኩት» አልኩት።

አልገባውም። ደገምኩለት። ውሉን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ደመወዙ አነሰህ?»

«አላነሰም።»

«ሰውየው ክፉ ነው?»

«ደግ ሰው ነው አባ። ትምህርቴን ልጨርስ ነው የምፈልገው። ኳሱ ደክሞኛል።»

«ታዲያ አፍ የለህም?»

ውሉን ከጭኑ ላይ አነሣው።

«አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት ክንዴን ገልጬ ቆምኩ እኮ» አለ። አልጮኸም። ቢጮህብኝ፣ ቢመታኝም ይሻለኝ ነበር። ወደ በሩ ዞሮ ዝናቡን እያየ «እኔ የክንዴን ተናግሬያለሁ። አንተ ደግሞ የእጅህን ተናገር። ለአስተማሪህ ራስህ ጻፍ፤ ጫማውን ያወለቀልህ ሰው ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እስከ ረቡዕ ድረስም ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም።

እንግዲህ ይኸው ጻፍኩ። አልሄድልዎትም ጋሼ። ውሉን ሳልፈርም ለአቶ ወልደዮሐንስ በሌላ ፖስታ መልሻለሁ፤ እርስዎ ያድርሱልኝ ብዬ ነበር፣ እሱም ሌላ መደበቂያ ሆኖ ስላገኘሁት ለእሳቸውም ሁሉንም ራሴ ጻፍኩላቸው። እርስዎ የቀረብዎትን ጨዋታ በእኔ እግር ሊያዩት ተመኝተው ነበር፤ ያንን ምኞት ከእጅዎ የቀማሁት እኔ መሆኔ ያመኛል። ቢቀየሙኝ እውነት አለዎት። ግን እወድዎታለሁ፣ ይህንንም ከዛሬ በፊት ተናግሬው አላውቅም። መስከረም ላይ አዲስ አበባ ስገባ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የእርስዎን በር ነው የማንኳኳው። ባይከፍቱልኝም በማግስቱ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት አባቴ ከገብረመስቀል ሱቅ ሜትርና አካፋ ተውሶ «ተነሥ፣ እንሂድ» አለኝ። ጎረቤት ጠርተን ግንዱን ነቀልነው። ሽማግሌዎቹ ይቅር፣ ለምደነዋል ቢሉት «ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጅ አንጠራራን፣ ይበቃል» አላቸው። ጉድጓዱን አርባ አምስት ሳንቲም አጥልቀን መልሰን ተከልነው። አባቴ በሜትሩ ሁለት ጊዜ ለካ፣ እኔም አንድ ጊዜ ለካሁ፤ ልክ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ሆነ።

ከዚያ ኳሷን አነሣ። በዕድሜው አንድ ቀን ወርውሮ የማያውቅ ሰው፣ ጭቃዋን በካፖርቱ ጠርጎ በሁለት እጁ ወረወራት። ሰሌዳውን እንኳ ሳትነካ አልፋ ኩሬ ውስጥ ወደቀች። ክንዱን ቁልቁል አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ብሎ፣

«እንግዲህ አሁን በምን እናመካኝ?» አለኝ።

በራሱ እጅ የጻፈልዎ ተማሪዎ፣
ዋቅወያ ባቻ