ታደገ ያልረገጠው ድልድይ

እማዋይሽ፣ እንደምን ከርመሻል? ባለፈው ሐምሌ ተለየሽኝ፤ ይኸው ክረምቱ ዞሮ መጣና ሙት ዓመትሽን ትናንት አወጣን። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስል እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ግን እውነቴን ነው፣ ደህና ነኝ።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። ላማችን ቡሬ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት። ልጃችን ሙሉ ሞጣ ትምህርት ቤት ገብታ አሁን የእኔን የእጅ ጽሕፈት ማረም ጀምራለች። ፊደል ሳስቆጥር ለኖርኩት ለእኔ! ወጥ መሥራትም ተምሬአለሁ፤ ጎረቤቶች ለይሉኝታ ያመሰግኑኛል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ወንድምሽ ስለ ታደገ ነው። እስክትሞቺ ድረስ የምትመኚው አንድ ነገር ነበር፤ ታደገ ያንን ድልድይ ተሻግሮ ከቤታችን እህል እንዲቀምስ።

ድልድዩ እንዴት እንደተሠራ የማያውቅ ሰው በዝቷል። በቢቸናና በሞጣ መካከል የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ የእነ ደምሌ ድልድይ እያለ ይሻገራል፤ ደምሌ ማን ነበሩ ቢሉት ግን አንዱ ባላባት ይላል፣ ሌላው ግንበኛ። አባትሽ ደምሌ ድልድይ ሠርተው አያውቁም። እሳቸው ያረፉ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ አንቺ በእኔ በኩል፣ አስከሬናቸው በማዶ። ቃሬዛው በወንዙ ዳር ወደ ደብራቸው ሲያልፍ ከዚህ ሆነሽ አለቀስሽ፤ ድምፅሽን ውሃው ዋጠው።

ተዝካሩ እህል ከገባ በኋላ ለጥር ሆነ። ታደገ በበኩሉ ደገሰ። አንቺ ግን የድርሻሽን ሰንጋና እህል ለድግስ አልሰጥም፣ ወንዙ ላይ ድልድይ ለሚሠራ ሰው ቀለብ ይሁን አልሽ። አገር ጉድ አለ። አባቷን ያለ ተዝካር አስቀረች ተባልሽ። የፈረዱልሽ የነፍስ አባታችን ናቸው፤ በልቶ ነፍስ ይማር የሚል እስካለ ድረስ ዳስ ውስጥም በላ ወንዝ ዳር፣ ያው ተዝካር ነው አሉ። ግንበኛ ከሞጣ መጣ፤ ጎረምሳው ከወዲያም ከወዲህም ድንጋይ ተሸከመ፣ የጥድ ግንድ ጎተተ። ከሥራ በኋላ ሰዎቹ በልተው የደምሌን ነፍስ ይማር ሲሉ አንቺ ጠላ እየቀዳሽ አሜን ትዪ ነበር። የድልድዩንም ስም ያወጡት እነሱ ናቸው፣ ማንም አላዘዛቸውም።

ታደገ ግን በአማቶቼ ፊት አዋረደችኝ ብሎ፣ በዚያ ድልድይ ብሻገር የአባቴ ልጅ አይደለሁም ሲል ማለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና በጋውን ከታች ውሃው በሚሳሳበት በመልካው ከብቱን እየነዳ ይሻገራል፣ በደጃችን አልፎ ገበያ ይሄዳል፤ ክረምቱን ማዶ ይከርማል። መንገደኛ የእነ ደምሌ ድልድይ ወዴት ነው ሲለው፣ የደምሌ ልጅ ፊቱን አጥቁሮ በጣቱ ያሳያል። አንቺ ይህን ስትሰሚ ትስቂ ነበር። ከሳቅሽ በኋላ ግን ማዶ ማዶውን ታያለሽ።

አንቺን ከአባትሽ ጎን ልናሳርፍ ስንነሣም ወንዙ ሞልቶ ነበር። ቃሬዛሽን ይዘን ድልድዩ ላይ ስንወጣ ታደገ በማዶ ጫፍ ቆሞ አየሁት። ተሸካሚዎቹ መሐል ሲደርሱ መጣ። ማንንም ሳያይ አንዱን ሰው ገፋ አድርጎ ትከሻውን ሰጠሽ፤ እስከ ደብሩ ድረስም ተራውን ለማንም አልለቀቀም። በዚያ ሐዘን መካከል ደስ አለኝ፣ እማዋይሽ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ግን አንቺ ነበርሽ።

የደብሩ የቅኔ ተማሪዎች ደግሞ አላረፉም። መሐል ደርሶ በመጣበት ተመለሰ እንጂ አልተሻገረም፣ መሐላው እንዳለ ነው እያሉ በየዛፉ ጥላ ተከራከሩ። ታደገም ይህን ሰምቶ ነው መሰል ዓመቱን ሙሉ ቀረ። እኔም ተስፋዬን ወደ መቁረጡ ነበርኩ።

ከትናንት ወዲያ ለሙት ዓመትሽ ሰንጋ እየሳበ ብቅ አለ። በሬው ድልድይ ረግጦ አያውቅም፤ ዕድሜውን ሁሉ የለመደው መልካውን ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ አልሄድም አለ። ሰው በወዲያና በወዲህ ቆሞ ያያል። ታደገ ገመዱን እንደያዘ ፊቱን ወደ በሬው አዙሮ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ፣ እንደ ሕፃን ያባብለው ጀመር፤ ና፣ አትፍራ፣ የእህቴ ድልድይ ነው፣ አይሰበርም እያለ። እንዲህ እያለ እኛ ዘንድ ደረሰ። መሻገሩን ያወቀው እኔን ዞር ብሎ ሲያየኝ ይመስለኛል። ቤታችን ገባ፣ እህል ቀመሰ፣ አንቺ በምትተኚበት መደብ ላይ አደረ።

ድልድዩ የአባትሽን ስም ይዞ ይኑር። ያንቺን እኔ ይዤዋለሁ፤ ከእኔም በኋላ ታደገ አለ።