ርግቢቱ በመሐል ሜዳ አዳራሽ

የኔ መምህር፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ገብሱ ሦስት ጊዜ ታጨደ። ሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ እልህ ነበር፤ ዛሬም ማንም የለምና አንተ ልበልህ። ቤቱ ደህና ነው። የተማሪዎችህ ጎጆዎች ግን ክዳናቸው ወልቋል፤ አዲሱ መምህር የቅኔ ጉባኤውን ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ አዛውሮታል። በርኖስህን እኔ ለብሼዋለሁ። ብትቆጣም አላወልቀውም፣ የአገራችንን ብርድ ታውቀው የለ።

የምጽፍልህ ስለ ልጃችን ስለ እሌኒ ነው። ከመምህሮችህ የተቀበልከውን ያንን የጥንት ቅኔ፣ ወጥታ ስላልተመለሰችው የኖኅ ርግብ የሚናገረውን፣ ለኦርኬስትራ ደረሰችው። ቃል የለውም፤ የሚናገሩት ቫዮሊኑና ዋሽንቱ ናቸው። ሥራውን ስትጀምር ከአዲስ አበባ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና አባባ ትንፋሽ የሚወስደው የት ላይ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅህን በስልክ እንኳ የቀረጸ የለም። እኔ ቅኔ ባልማርም ስታስተምር በግድግዳ ማዶ ስሰማህ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ አንጎራጎርኩላት። ርግቢቱ የመርከቡን መስኮት ለቃ ስትወጣ አንተ ዝም ትል ነበር፣ ረጅም ዝምታ። እንደዚያ ነው አልኳት፤ እሷም አምና ጻፈችው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ያ ዝምታ ያንተ ነው ወይስ አንተ ከሄድክ በኋላ እኔ የለመድኩት? ድምፅህን ረስቼው የራሴን ሐዘን ያንተ ነው ብዬ ሰጥቻት ቢሆንስ? ደግሞ ሥራዋ ሲቀርብ እንዲሰሙ የጥንት ተማሪዎችህ ከቀየትም ከሞላሌም ተጠርተው ነበር። አንዲት ቃል ስትዛነፍ የማያልፉ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያደረግካቸው አንተ አይደለህ!

ቀኑ ደረሰና መሐል ሜዳ አዳራሽ ከፊት ተቀመጥኩ። ብርዱ የቫዮሊኑን ክር እያበላሸባቸው ተጫዋቾቹ ደጋግመው ሲቃኙ ልቤ ተሰቀለ። እሌኒም ልትመራቸው ፊታቸው ቆመች። በመጨረሻ አንድ ቫዮሊን ብቻውን የመጀመሪያውን ቤት አዜመ። ይኼኔ ተማሪዎችህ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅኔ ሲሰጥ ተቀብሎ ማዜም ለምደው የለ፣ ዜማውን ሲያውቁት አዳራሽ መሆኑን ረስተው ብድግ አሉና በግዕዝ ተቀበሉት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሌኒ ግን እጇን አንሥታ ተጫዋቾቿን አስቆመቻቸው፤ የሸበቱት ተማሪዎችህ ብቻቸውን ቀጠሉ።

ርግቢቱ የምትወጣበት ጋ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ባንድነት ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ።

ያንተው ነበር። አልረሳሁህም ነበር። በበርኖስህ ተሸፍኜ አለቀስኩ።

ስጋቴ ግን ጨርሶ አለቀቀኝም። እነሱም አርጅተዋል፣ እኔም ማስታወሴ እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ቢሆንም እስካለሁ ድረስ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። ትንፋሽህን ወስደህ እስክትቀጥል እጠብቅሃለሁ።

ባለቤትህ