ጫማዋን በእጇ የያዘችው

ውድ ወንድሜ ሬዲዮ፣

ሬዲዮውን የምትጠግንለት ሰፈር ሁሉ ስምህን ረስቶ በዚህ ስለሚጠራህ እኔም በዚሁ ልጀምር። እንዴት ሰነበትክ? የጭንቅላትህ ስፌት ደረቀልህ? አክስቴ አሁንም እንደ ሕፃን ግንባርህን እየዳሰሰች ታስመርርሃለች? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ማለቴ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትነጫነጫለች።

በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። አንተ ግን በስልክ ሰው አታስጨርስም፤ ገና አፌን ስከፍት «ወደ ዋናው ነገር ግቢ» ትለኛለህ። ዋናው ነገር ደግሞ ከኋላው ካልተነሱ የሚገባ አይደለም። እና ምን ላድርግህ፣ ቁጭ ብለህ አንብብ። ከጭንቅላትህ ተቆርጦ የወጣው ቁራጭ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝም አለ። እስከ መጨረሻው አጠገቡ ነበርኩ፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። የምጽፍልህ ግን እሱን ለመንገር ብቻ አይደለም። በዚያው ቀን እማዬ የነገረችኝ ነገር አለ፤ ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም።

ከሴትየዋ ልጀምር። ልጆች ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንተኛው። ያንተ አልጋ ወደ ግቢው ከሚያስወጣው በር ትይዩ፣ የኔ ከጥጉ ነበር። የሚጥልህ ሕመም ሊነሳብህ ሲል፣ እያጠናንም ሆነ እየተላፋን፣ እጅህ ላይ ያለውን ነገር ቀስ ብለህ ታስቀምጥና በሩን እያየህ «መጣች» ትለኛለህ። እኔ ዞሬ ሳይ ማንም የለም። አንተ ግን እያየሃት ትነግረኛለህ። የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ እንደፈራች ሰው ጫማዋን በእጇ ይዛለች። የቀሚሷ ጫፍ እርጥብ ነው። ብርሃኑ ከኋላዋ ስለሆነ ፊቷ አይለይም። ደፉ ላይ ትቆማለች እንጂ አትገባም። አንድ እግሯን ወደ ውስጥ ስታነሳ አንተ ትወድቃለህ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ እጅህን ይዤ ወደ ባዶው በር «ሂጂ፣ እዚህ የምትፈልጊው የለም» እላለሁ። እሷ እስክትሄድ፣ ማለትም አንተ እስክትረጋጋ። ያኔ ጥርሴ ገና እየተነቀለ ነበር፤ ድፍረቴን አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ጠጠሩስ ትዝ ይልሃል? እማዬ ሌባ ፈርታ ከአጥሩ በር እስከ ቤታችን ደፍ ድረስ ጠጠር አስነጥፋ፣ ድመት እንኳ ሲያልፍበት ይሰማ ነበር። ሴትየዋ ስትመጣ ግን ጠጠሩ አንድ ቀን ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። ይህን ያስተዋልከው አንተ ነህ፣ እኔንም እንቅልፍ ያሳጣኸኝ በዚህ ነው። ለእማዬ እንዳንነግራት ተማማልን። ልጄ ይታመማል ብላ መጨነቋ አንሶ፣ ልጄ የሌለ ሰው ያያል ብላ ደግሞ እንዳትሰጋ ብለን ነው። ሆድ ይፍጀው ተባባልን፣ ሆዳችንም ፈጀው።

ከስንት ዓመት መድኃኒት በኋላ ሐኪምህ የሕመሙ መነሻ ከጆሮህ በላይ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ትንሽ ቦታ ነው፣ ቢወጣ ይሻልሃል ሲሉህ አንተ ምን አልክ? «ሴትየዋን ቆርጠው ሊያወጧት ነው» ብለህ ሳቅህ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ቁራጩ ለምርምር ወደምሠራበት ላቦራቶሪ እንደሚመጣ ስትሰማ ግን ሳቅህ ጠፋ። ተስማማህ፣ ከዚያ ወደ ጎን ጎትተኸኝ፣ ከኋላህ ስለማልጠፋ ባወጣህልኝ ስም፣ «ጭራዬ፣ ብቻዋን እንዳትተያት» አልከኝ። ቁራጩን ማለትህ ይሁን ሴትየዋን አልጠየቅሁህም።

አለቃዬ በዘመድ ነገር ላይ እንዳልሠራ ከለከሉኝ፤ መለካትም ሆነ መመዝገብ የለም። የሚቀመጥበትን ውሃ እየቀየርኩ አጠገቡ እንድቀመጥ ብቻ ፈቀዱልኝ። «ሰው ሬሳ ይጠብቅ የለ?» ብላቸው፣ «ሬሳ ቢሆንማ ጥሩ ነበር» አሉኝ። ቀልድ የሚያውቁ ሰው አይደሉም።

እንዴት እንደነበር ልንገርህ። ቁራጩን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስተው ከፋፈሉት። አንዷ ስስ ክፋይ ትንሽ ሣህን ውስጥ፣ ጨውና ስኳር ባለበት በሰው ገላ ልክ በሞቀ ውሃ ውስጥ ተቀመጠች። ኦክስጅን ከሥር ቡልቅ ቡልቅ ይልላታል። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይጠጋትና ህዋሶቹ የሚያወጡትን ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ ማጉያ ይወስዳል። ማጉያው የትኛው መሰለህ? ያው አንተ አምና ጠግነህ ያመጣህልን፣ ጎኑ የተሰነጠቀው። በገዛ እጅህ በጠገንከው ማጉያ ነው ያዳመጥኩህ። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲጀምር እንደሚለው፣ ጠብ፣ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ይል ነበር። አንጀቴን በላኝ።

ሆስፒታል አልጋህ ላይ ሆነህ የተከራከርነውን አልረሳህም መቼም። ሽቦ ከሽቦ ካልተነካካ ምንም አያልፍም ብለህ ድርቅ አልክ። እኔ ደግሞ ነርቭና ነርቭ አይነካኩም፣ በመሃላቸው ክፍተት አለ፣ እዚያ መገናኛቸው ላይ ያለውን ነገር ነው ሲናፕስ የምንለው አልኩህ። ኤሌክትሪኩ ጫፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። ያኔ ህዋሱ በጥቃቅን ከረጢቶች ያስቀመጠውን ኬሚካል ክፍተቱ ውስጥ ይረጫል። ኬሚካሉ ይሻገርና ማዶ ካለው ህዋስ ላይ የሚስማማውን መቀበያ ያገኛል። ግሉታሜት የሚባለው ሲደርስ «ተናገር» ይለዋል፤ ጋባ የሚባለው ሲደርስ «ዝም በል» ይለዋል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ኬሚካሉ ተጠራርጎ ይነሳል፣ ካልተነሳ መልእክቱ ማብቂያ የለውም። ያንተ ቁራጭ ውስጥ «ዝም በል» የሚለው ጉልበት አጥቶ፣ አንዱ ሲናገር ሁሉም ተከትሎ ይናገራል። ሕመምህ ይኸው ነው አልኩህ።

አንተ አስጨርሰኸኝ «ክፍተቱ ውስጥ ምን አለ?» አልከኝ። ጨውና ውሃ ነው አልኩህ። «ታዲያ በዚያ የሚሻገረው ከወዲህ የተላከው ብቻ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» አልከኝ። ማደንዘዣው ገና አልለቀቀህም ብዬ ነበር የሳቅሁብህ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሃ እየቀየርኩ ሳለ ጠብ ጠብ ማለቱ ድንገት ቆመ። ሰው ትንፋሹን ሲይዝ እንደሚሆነው። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እንደሚያጨበጭብ፣ ማጉያው እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ። ጩኸቱ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ከጩኸቱ በፊት የነበረው ዝምታ ነው፤ እሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዕቃህን አስቀምጠህ በሩን የምታይበት ዝምታ ነው። ሳላስበው ዞሬ የላቦራቶሪውን በር አየሁ። ማንም አልነበረም። ያች ክፋይ ዓይን የላት፣ አፍ የላት፣ «መጣች» የሚልላት የለ። እና መጥታ ከሆነ፣ ለማን ነው የምትታየው? ይህን ሳስብ ቀልቤ ተገፈፈ፣ ወንበሬን አዙሬ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ተቀመጥኩ።

አለቃዬ፣ ይሄ ኤሌክትሪክ ነው፣ ቁራሽ ሥጋ ምስል አያይም አሉኝ። እኔም አውቃለሁ። ለአዳዲስ ተማሪዎች ይህንኑ የማስረዳው እኔው ነኝ።

በዚያ ሰሞን ደወልክና «ትመጣለች?» አልከኝ። ድምፁ ይመጣል አልኩህ። ወደ ቤትስ አንተ መቼ ነው የምትመጣው ስልህ ያልከውን ቃል በቃል እችለዋለሁ። «ጭራዬ፣ ከጭንቅላቴ ወጥታለች። ከበሩ መሄዷን ግን በምን አውቃለሁ? እስከ ዛሬ ባያት ሕመም ነው እል ነበር። ድኜ ባያትስ ምን እላለሁ?» አልክ። ከዚያ ቤት ላትደርስ ቆርጠሃል ማለት ነው። ስለ ስፌትህ ጠይቄህ ስልኩን ዘጋሁት። አሁንም ይቆጨኛል።

እማዬ ግን ይህን ምኑን ታውቃለች? ልጇ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ እንደመምጣት አክስቱ ዘንድ ሄደ፣ ያውም ሳይሰናበታት። ቀዶ ሕክምናውን አድርግ ብላ የገፋፋችህ እሷ ስለሆነች ተቀይሞኛል ብላ ደምድማለች። አልጋህን በየጠዋቱ ታነጥፋለች፣ ማንም ያልተኛበትን። አንድ ቀን አንሶላህን እያጠፈች «ምን በደልኩት?» አለችኝ። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መሐላችን ትዝ አለኝና ምላሴን ነከስኩ። ፊቷን ብታየው በእግርህ ትመጣ ነበር።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የማጉያው ዝናብ እየሳሳ ሄደ። ህዋሶቹ እየሞቱ ነበር። አለቃዬ መጥተው ጆሯቸውን ጣል አደረጉና፣ ዛሬን አይዘልቅም፣ ሳይንፈራገጥ እንዲያልፍ ጋባ እንጨምርለት አሉኝ። እሺ አልኩ። የጋባውን ጠብታ ልጨምር ስል ጠብ ጠቡ ቆመ። ያ ዝምታ መጣ። እጅ የለው የምይዘው፣ ሣህኑ ያለበትን ጠረጴዛ ጫፍ ያዝኩ። ጩኸቱ ሲነሳ ጠብታውን ጨመርኩና፣ አለቃዬ እየሰሙኝ፣ ጮክ ብዬ «ሂጂ፣ እዚህ የምትፈልጊው የለም» አልኩ። ጩኸቱ ወደ ጠብ ጠብ ወረደ፣ እሱም እየተራራቀ ሄዶ ቆመ። ከማጉያው እዝዝታ ሌላ የሚሰማ ጠፋ። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅህ። አንተ በሕይወት ያለህ ሰው፣ አለቀስኩልህ።

ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል፣ ያ በራሱ የሚዘጋው ከባድ በር፣ ሰው ወጥቶበት እንደሄደ ሁሉ ቀስ እያለ ሲዘጋ አየሁ። ከእኔና ከአለቃዬ በቀር ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። ነፋስ ነው አልኩ ለራሴ። ኮሪደሩ መስኮት የለውም።

ቤት ስደርስ ገና ብርሃን ነው። እማዬ ደፉ ላይ ተቀምጣ ጠጠሩን ታያለች። ሳልጠይቃት «ዛሬ ሰው መጥቶ ነበር» አለችኝ። ማን ነው ብላት አላውቃትም አለች። ምሳ በልታ ጋደም ካለች በኋላ ቀና ስትል አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ ያንተን አልጋ ታያለች። ከአጥሩ በር ስትገባ ጠጠሩ አልተሰማም፤ እማዬ የገረማት እሱ ነው። የቀሚሷ ጫፍ እርጥብ ነበር፣ ያኔ ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ነው። እጇ ላይስ ምን ይዛለች ብዬ ልጠይቃት ፈራሁ። አልጠየቅኋትም፣ ራሷ ነገረችኝ።

«ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። ደክሟት መሰለኝ፣ አሳዘነችኝ። ‹ልጄ ድኗል፣ እዚህ የለም። አንቺም ጫማሽን አድርጊ፣ መንገዱ ጠጠር ነው› አልኳት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ እዚች እኔ የተቀመጥኩባት ላይ ቁጭ ብላ አደረገች። ሄደች።»

ሬዲዮ፣ እኔ አልነገርኳትም። በእናቴ እምላለሁ። አንተ ነግረሃት ከሆነ ንገረኝ፣ ልረፍበት። ካልነገርካትም ንገረኝ፣ አብረን እንፍራ። በሽቦና በክፍተት ስንከራከር የኖርን ሰዎች ነን፤ እኔ ክፍተቱን የሚሻገረውን ነገር እስከ ስሙ አውቀዋለሁ እያልኩ ስኮራ ኖሬያለሁ። ሐሙስ ዕለት ምን እንደተሻገረ ግን አላውቅም። የማውቀው የእማዬን ቃል ነው። ሴትየዋ ስትሄድ ኮቴዋ ጠጠሩ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር አለችኝ። አስፋልቱ ላይ ወጥቶ እስኪጠፋ አዳምጣዋለች፤ አንዴም ቆም አላለም።

ከበሩ መሄዷን በምን አውቃለሁ አልከኝ አይደል? በዚህ እወቅ። እኔ ከሣህኑ አስነሳኋት፣ እማዬ ከደፉ ሸኘቻት፣ ያውም ጫማዋን አስደርጋ። በኔ ባታምን በእማዬ እመን፣ ምላሷ አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም።

ናፍቀኸኛል። አልጋህ ተነጥፏል። እማዬ ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ደፉ ላይ ትቀመጣለች፤ ሴትየዋን እየጠበቀች እንዳይመስልህ። በጆሮዋ የምትጠብቀው ያንተን እርምጃ ነው። ስለዚህ ና፤ ተደብቀህ ልታስደነግጠን በሣሩ ጥግ ጥግ እንዳትመጣ ብቻ። ጫማህን አድርገህ፣ ጠጠሩን እየረገጥክ፣ እየተሰማህ ና።

እጅህን ያልለቀቀችው
ጭራህ