የሚጥሚጣን ቤንዚን ማን ጠጣው?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ደግ ይሁን አይሁን አላውቅም... ደብተሩ የስምንተኛ ክፍል ነው፤ ግማሹ ባዶ ቀርቷል። ትምህርቱም እዚያው ላይ ቀረ። ለሰው መናገር ስለማልችል እዚህ ልሞክር ብዬ ነው።

ዛሬም አባባና ወንድሜ ሚስባህ ተጣሉ። በቀይዋ መኪና። ትንሽ ናት፣ ከኋላዋ እንደ ሳጥን የምትከፈት፤ ሞተሯ ግን የእሽቅድምድም ነው። እዚህ መርሳ ልጆቹ ሚጥሚጣ ይሏታል። አባባ ክረምት ላይ አሮጌ ገዝተው ለሚስባህ ሰጡት፣ ወልድያ ሰው እንዲያመላልስባት። ትሮጣለች። ቤንዚኑ ግን አይበረክትም።

"መኪናዋ ናት የምትጠጣው ወይስ አንተ?" አሉት ምሳ ላይ።

ሚስባህ እጁን ታጥቦ ወጣ። ሳይጨርስ።

ደከመኝ። ከጠባቸው ይልቅ መሃላቸው መቀመጡ ነው የሚያደክመው።

ኅዳር 4

ምንም የለም። ሱቃችን ዋልኩ። መስኮቴ ላይ ያለውን የነሐስ ክብ ወልውዬ የጸጉር ማስያዣዬን አንጠለጠልኩበት። መሃሉ ስፕሪንግ አለው፤ ያምራል። የሚጥሚጣ ዕቃ ነው። አባባ እንደገዟት ራሳቸው ፈትተው አወጡት። ድሮ በአፋር በረሃ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። "ቆላ ላይ ይሄ የሞተር ጠላት ነው" ብለው ሲጥሉት አነሳሁት።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

አባባ ከጁምዓ ሲመለሱ አሥር ሊትር በጀሪካን ለክተው ራሳቸው ጨመሩ። ከዚያ እኔን ጠሩ።

"ናጅዋ፣ ከኋላ ተቀመጪ። የት እንደሚቆም፣ ለማን እንደሚቀዳ እይ።"

ለምን እኔ? ዝም ስለምል ነው መቼም።

ሚስባህ በመስታወቱ አየኝ። "እሰይ፣ ሰላዬ መጣች! ቀበቶሽን እሰሪ እንጂ፣ ሰላይ።" ሳቀ። ከልቡ አልነበረም።

እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳ። ወልድያ ደርሰን ተመለስን። የትም አልቆመም። ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ጭነን ስንወጣ፣ ሲሪንቃ ሳንደርስ ቤንዚን ጨርሳ ቀጥ አለች። ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላችም። ተሳፋሪዎቹ እየተራገሙ ወረዱ። ገፋናት።

ቤት ስንገባ አባባ፣ "የት ቆመ?" አሉኝ።

"የትም" አልኩ። ያልኩ መሰለኝ።

"ምን አልሽ?"

ልደግመው ስል ምንም አልወጣ አለኝ።

"በቃ፣ ገባኝ። ወንድሟን አሳልፋ መስጠት ከብዷት ነው።"

ሚስባህ አየኝ። ከዚያ አቀረቀረ።

ምን ነካኝ? አንዲት ቃል!

ኅዳር 6

ሚስባህ ሱቅ መጣ። "በሚቀጥለው ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ይወጣሉ። በጅቡቲ። እኔም አብሬ ነኝ።"

ሳዑዲ ማለቱ ነው። የጎረቤታችን የሁሪያ ልጅ በዚያው መንገድ ወጥቶ ባሕሩ ላይ ቀረ። ይሄን ያውቃል እኮ።

"እዚህ ሌባ ተብዬ ከምኖር... ለእማዬ እንዳትነግሪ።"

ለማን ልነግር? እኔ?

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ወልድያ፣ ጋሽ ይታገሱ ጋራዥ ሄድን። "ስሜን አጥርቼ ነው የምሄደው" አለ ሚስባህ።

ጋሽ ይታገሱ የጎማውን አየር ለኩ፤ ደህና ነው። የአየር ፊልትሮውም ንጹሕ ነው። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ሲያወጡት ግን ጥቀርሻ ለብሷል።

"ማንም አልሰረቀህም፣ ልጄ። ቤንዚኑ በደንብ ሳይቃጠል ነው የሚወጣው።"

"ለምን?"

"እሱን ነው ያጣሁት። መኪና ጠዋት ሲበርዳት ብዙ ትጠጣለች። ስትሞቅ ትቀንሳለች። ይቺ ግን ቀኑን ሙሉ ጠዋት ላይ ናት!"

ሴንሰር ሊሆን ይችላል፣ ከአዲስ አበባ ላስመጣ አሉ። እስከ ቅዳሜ አይደርስም።

ስንመለስ ከፊት ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ጠዋት... የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት ከታች፣ ሰማያዊው ላይ ተኝቷል። መርሳ እስክንገባ አልተነሳም። በዚያ ፀሐይ!

"ይሄ ለምን አይነሳም?" አልኩት።

"ኧረ ይተኛ! አልጋለችም ማለት ነው። አባባ ቴርሞስታቱን ያወጡት ለዚህ አይደል?"

መስኮቴ ላይ ያለው...

ኅዳር 10

ክቡን በመሐረብ ጠቅልዬ ከሚስባህ ጋር ወልድያ ይዤው ሄድኩ። ጋሽ ይታገሱ ፊት መናገር ሲያቅተኝ ዝም ብዬ ዘረጋሁላቸው። አዩት። ግንባራቸውን መቱ።

"አይ አንቺ ልጅ! ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ዘግቶ የሚይዘው እኮ ይሄ ነው። እኔስ ከስንቱ መኪና አውጥቼ ጥያለሁ! የድሮው ሞተር ይችለው ነበር። ይቺ ግን ኮምፒውተር አላት። በረደኝ ካለች፣ ቤንዚን ጨምሩልኝ ነው የምትለው።"

የፈላ ውሃ ውስጥ ሲከቱት አፉን ከፈተ። "በሕይወት አለ!" አሉ። መልሰው አሰሩት።

ከወልድያ ብዙም ሳንርቅ ቀስቱ ተነሳ። መሃል ላይ ቆመ። ሚስባህ መሪውን ሳመው። ለአባባ ንገራቸው አልኩት። "አንቱ ነዎት ያበላሿት ልበላቸው? ከእኔ አፍ አያምኑም።"

ኅዳር 12፣ ዓርብ

በአሥር ሊትር መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄደች። ምሳ ላይ አባባ ደስ ብሏቸው ነበር።

"አያችሁ? ሰላይ ሲቀመጥበት ቤንዚኑ በረከተ። ፈራ!"

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። የመኪናዋ መዳን ራሱ በወንድሜ ላይ መሰከረ ማለት ነው... ሚስባህ እጁን ታጠበ። ቦርሳውን አይቼዋለሁ፤ ከበሩ ኋላ፣ ታስሮ ተቀምጧል።

ከሰዓት ጓሮ ወጥቼ ለዶሮዎቹ ተለማመድኩ። "አባባ፣ የትም አልቆመም። ዕቃውን ያወጡት አንቱ ነዎት።" አንድም ዶሮ ቀና አላለ። ደገምኩት። በሦስተኛው ሁሉም በረገጉ።

ልጆቹ የሚወጡት ነገ ረፋድ ላይ ነው። አባባ ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ በሩ ላይ እቆማለሁ። መኪናዋን አስነስተን ቀስቱን አሳያቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን እነግራቸዋለሁ። "ምን አልሽ?" እንዳይሉኝ፣ ጮክ ብዬ።