አበልጄ ዘንድ የቀረው ውል

ይድረስ ለልጄ ለአገኘሁ። በሰው አገር የአምላክ ጥላ አይለይህ፤ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ጤናዬን ደህና ነኝ።

አክስትህ ሙሉዬ ከይጁቤ በርበሬ ላከችልኝ። ከነጆንያው በሩ ጥግ አስቀምጬዋለሁ፤ ከዚህ ቤት ብወጣስ እያልኩ ልፍታው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ነገሩን በስልክ ያልነገርኩህ ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ነው፤ ቤቱን ያከራዩኝ የክርስትና አባትህ ጋሽ ቢምረው ይሰሙኛል። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነውና «አበልጄ፣ ቤቱን ለሙሽሮቹ ፈልጌዋለሁ፤ እስከ ፋሲካ ልቀቂልኝ» አሉኝ። የተፈራረምነው ለሁለት ዓመት አይደል? የኖርኩት እኮ አምስት ወር ብቻ ነው።

ጎረቤቴ መምህርት ሀይማኖት «ውሉ ሳያልቅ እንዲሁ ብድግ ብለው ሊያስወጡዎት አይችሉም፤ ወረቀቱን ይያዙና ፍርድ ቤት እንሂድ» ትለኛለች። ወረቀቱን ከየት ላምጣ? አበልጄ ናቸው ብዬ የእኔንም ቅጂ «እርስዎ ጋ ይቀመጥ» ብዬ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። አሁን ብጠይቃቸው ይቀዳድዱታል ብዬ ፈራሁ። ስወጣ ቁልፍ ይቀይሩብኛል ብዬም ሁለት እሁድ ቅዳሴ ቀረሁ።

ለመስቀል መጥተህ ስንፈራረም ወረቀቱን በስልክህ ፎቶ ስታነሳ «አበልጄ ፊት ታሳፍረኛለህ» ብዬ ተቆጥቼህ ነበር። ካላጠፋኸው ለሀይማኖት ላክላት፤ ይህንንም ደብዳቤ ፎቶ አንስታ የምትልክልህ እሷ ናት። ለእሳቸው ግን እንዳትደውል፣ አደራ።

ዛሬም ጠዋት በግድግዳው በኩል «ልጃችን ደህና ነው?» አሉኝ። ቁልፌን ጨብጬ «ደህና ነው» አልኳቸው።

የገባህበት በር አይዘጋብህ፣ ልጄ።

እናትህ አይናለም