የወንድማችን የ«ጋሽ አይሰጠኝ» የሕይወት ታሪክ

ሶፋ ሠሪው ወንድማችን፣ ከአውቶቡስ መካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በመጋቢት ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት እናታችን የስፌት መኪናቸውን ባስቀመጡበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበሩ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጣነው ሁላችንም አፍ ስንፈታ የተማርነው ስማቸውን ሳይሆን «ጋሼ» ማለትን ነው።

ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸውን ግን መምህራቸው «ዶሮ የጫረው ነው» እያሉ ይመልሱባቸው ነበር። አባታችን በ1965 ዓ.ም. ድንገት ሲያርፉ ጋሼ ማንም ሳያዛቸው ትምህርታቸውን አቁመው አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ዘንድ ገቡ። እኛ ታናናሾቻቸው ትምህርታችንን የጨረስነው በዚያ ውሳኔ ነው።

ሶፋ የሚያለብስ ሰው ትንንሾቹን ምስማሮች በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ነው የሚመታው። ጋሼም አፋቸው ቀኑን ሙሉ ምስማር ስለሚይዝ ጭንቅላታቸውን በመነቅነቅ መመለስን ለመዱ። ደንበኞች ኩሩ ይመስሏቸው ነበር። በ1974 ዓ.ም. ያገቧቸው ባለቤታቸው ግን «እኔን ላግባሽ ያለኝ ለት ምስማሩን ተፍቷል፤ ይኸው ይበቃኛል» እያሉ ያስቁን ነበር። በትዳራቸው ሁለት ሴት ልጆችን አፍርተዋል። የራሳቸውን ሶፋ ቤት የከፈቱት የመጀመሪያዋ ልጃቸው በተወለደች ዓመት ነው፤ ታች ሥራ፣ ላይ መኖሪያ።

በ1988 ዓ.ም. የአንድ ጎልፍ ክበብ ወንበሮችን እንዲያለብሱ ተጠሩ። ማጣበቂያው እስኪደርቅ በረንዳ ላይ ቆመው ሲመለከቱ፣ የክበቡ አባል የሆኑ አንድ የጥርስ ሐኪም የኳስ መምቻ ዱላ አቀበሏቸው። ጋሼ በመጀመሪያው ምት ኳሷን ከዓይን ሰወሯት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐኪሙና ጋሼ አልተለያዩም። ሆኖም ኳሷን ከሩቅ አምጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ሲያደርሷት፣ ያችን የመጨረሻዋን አጭር ምት ይስቷት ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ለቀልድ ማን ብሏቸው፦ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተህ በር ላይ ቆመህ ታንኳኳለህ እንዴ?»

ጋሼ ይህችን ነገር በቸልታ አላለፏትም። በሶፋ ቤቱ ወለል ላይ ከሥራ የተረፈ ምንጣፍ ዘረጉ፤ ሥሩ ቁርጥራጭ ስፖንጅ እየሸጎጡ ዳገትና ቁልቁለት አበጁለት፤ ጫፉ ላይ በጉድጓድ ፈንታ ትንሽ ባዶ የጣሳ ቆርቆሮ በጎኑ አስተኙ። ጨርቅ በሚያሰምሩበት ጠመኔ መስመር አስምረው፣ ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት በየማለዳው አጭሯን ምት ብቻ ይለማመዱ ነበር። ረጅሟን ምት ማንም ይመታታል ባይ ናቸው። ለልጆቻቸውም «ድምፅዋን ሳትሰሙ ቀና አትበሉ፤ መግባቷን ጆሯችሁ ይንገራችሁ» ይሏቸው ነበር። ባለቤታቸው በበኩላቸው «ጠዋት ጠዋት ጉድጓድ ጉድጓድ አትበሉብኝ፣ ቃሉ ይቀፈኛል» ስላሉ፣ በዚያ ቤት ኳስ ጉድጓድ ገብታ አታውቅም፤ «ቤቷ ገባች» ነው የሚባለው። ልምምዱ ሥር ሲሰድ ምታቸው ተስተካከለ፤ ሐኪሙም ቀልድ አለቀባቸው።

በጎልፍ አንድ ደግ ልማድ አለ። ኳስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርስ ተጋጣሚ «ተሰጥቶሃል» ካለ፣ ሳይመቱ እንደገባች ተቆጥራ ትነሣለች። ጋሼ ይህን በጭራሽ አይቀበሉም ነበር። «ምስማሩ ሳይመታ ተመትቷል ተብሎ የተሸጠ ሶፋ የት አይታችኋል?» ይሉና ጎንበስ ብለው ራሳቸው ያስገቧታል። በዚህም የክበቡ ሰዎች «ጋሽ አይሰጠኝ» አሏቸው። አዲስ አባላት ወላጅ ያወጣው ስም እየመሰላቸው «አቶ አይሰጠኝ» ብለው በአክብሮት ሲጠሯቸው፣ ጋሼ ሳያርሟቸው «አቤት» ይሉ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ኳሷ ወደ ቀኝ መሸሽ ጀመረች። መጀመሪያ ምንጣፉን ጠረጠሩ፤ አዞሩት። ቀጥሎ ዱላውን ለወጡ። በኋላ አንድ ቀን ምስማር ከጣታቸው መካከል ሲወድቅ ነገሩ ገባቸው። ሐኪም ቤት ተመርምረው ሕመሙ ከእጅ መንቀጥቀጥ የሚጀምር የነርቭ ሕመም እንደሆነ፣ ሊዘገይ እንጂ ሊድን እንደማይችል ተነገራቸው። ጋሼ ግን በአጭሯ ምት ተስፋ አደረጉ። «ይህች ከገባችልኝ ምስማሩም አይጠፋኝም» ብለው ልምምዱን አጠበቁት። ከዚያ በኋላ ጨዋታ አልነበረም፤ እጃቸውንና ሙያቸውን ይዘው ለመቆየት የሚታገሉት ትግል ነበር።

ባለቤታቸው የእርሳቸውን ጤና የሚያውቁት ከላይ ሆነው በጆሯቸው ነበር። ቆርቆሮው ሲጮኽ ልባቸው ያርፋል፤ ኳሷ ግድግዳ ስትመታ እጃቸው የያዘውን ነገር ያስቀምጣል። አንድ ማለዳ ቀድመው ወርደው ትንሿን ቆርቆሮ በሰፊ የቀለም ቆርቆሮ ቀየሩት። ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው አዩትና «የኔ እመቤት፣ ይሄ እኮ ጋራዥ ነው! መኪና ልናስገባ ነው?» አሉ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሼ ትንሿን ቆርቆሮ ፈልገው ወደ ቦታዋ መለሷት። ባለቤታቸው ወደ ላይ ወጥተው የኩሽናውን በር ዘጉ፤ ያኔ የወጣው እንባ የሳቅ አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. መዶሻውን ለሁለተኛዋ ልጃቸው አስረከቡ። እርሷ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብለው ጨርቁን ይወጥሩላት ነበር፤ እጃቸው እምቢ ሲል በክርናቸው፣ ክርናቸው እምቢ ሲል በጉልበታቸው። ማለዳ ማለዳ ምንጣፉ ላይ መቆማቸውን ግን አልተዉም።

ባለፈው ታኅሣሥ ሐኪሙና ሁለተኛዋ ልጃቸው ወደ ሜዳው ወሰዷቸው። ጋሼ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ከቆመች ኳስ ፊት ቆሙ። ጎንበስ አሉ፤ ዱላው በእጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ። ሐኪሙ ጠባያቸውን ስለሚያውቁ «ተሰጥቶሃል» አላሉም። በመጨረሻ ጋሼ ዞር ብለው «ወንድሜ፣ ዛሬስ ስጠኝ» አሉ። ሐኪሙ ጎንበስ ብለው ኳሷን አነሡና በጋሼ መዳፍ ውስጥ አኖሩላቸው፤ መዳፉንም በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። በማግስቱ ማለዳ ከታች ምንም ድምፅ አልተሰማም። ባለቤታቸው ደረጃው ራስ ላይ ቆመው ጠበቁ፤ ሱቁ እስኪከፈት ጠበቁ። ነገሩ ማብቃቱን የዚያን ዕለት አወቅን።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ መላ አካላቸውን አዳክሞ ሳንባቸውም ታመመ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ነርስ የሆነችው የመጀመሪያ ልጃቸው አጠገባቸው እንዳለች፣ ባለቤታቸው ቀኝ እጃቸውን ይዘውላቸው ሳለ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ሲንቀጠቀጥ የኖረው እጃቸው ጸጥ ያለው በባለቤታቸው መዳፍ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ያን ጸጥታ ለስድስት ዓመት ሲለምኑት ኖረው፣ በመጣ ጊዜ ሊቀበሉት አልቻሉም፤ እስኪያስለቅቋቸው ድረስ እያሻሹ ሊያሞቁት ሞከሩ።

ጋሼ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድምና እህቶቻቸውን እንዲሁም ከወንድም የማይለዩአቸውን ወዳጃቸውን ትተው ሄደዋል። እኛን ለማሳደግ ከደብተር ወደ መዶሻ የተዛወሩትን እነዚያን እጆች የፈጠረ አምላክ በእጁ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን ሥራ በማያደክምበት፣ ሕመም በማያውቀው ቤቱ ያሳርፍልን። እንደ እህት የምናያቸው ባለቤታቸው ደግሞ፣ ነገ ማለዳ ከአልጋቸው ሲነሡ፣ እርሱ አብሯቸው ይነሣ።