ቆጠራ የማይጎድልበት እስር ቤት

ረቡዕ፣ ጥር 21 ቀን 1989፣ ከቀኑ 11፡30

አርባ ሁለተኛው ሥዕል። የእስር ቤቱ አለቃ ቁልፍ ሲውጥ ጉሮሮው አሁንም አያምርም። ጭንቅላቱ ጓጉንቸር ነው፤ ሲናደድ ራሱን ቆልፎ ቁልፉን ይውጣል። ለመዋጥ ስድስት ሥዕል ይበቃል ብዬ ነበር። የት! አስርም አይበቃ።

ደብተሬ፣ ይህ የኔ ሥራ መሆኑን የምታውቁት አንቺና ሰለሞን ብቻ ናችሁ። ሰለሞን የሠርግ ካሜራማን ነው። እኔ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፣ እሱ ካሜራውን ጫን፣ ለቀቅ። ሲታይ ይንቀሳቀሳል፤ ትንሽ እየተንዘፈዘፈ ነው እንጂ። ሦስት ክፍል አልቋል። ለአዋቂ ብቻ። በእኛ እስር ቤት መሞት ክልክል ነው፣ ቆጠራ ይጎድላላ! በሽንኩርት የተጠበሰው እስረኛ ጠዋት ከድስት ወጥቶ፣ ቁሌቱን ከላዩ እያራገፈ ይሰለፋል። ሰለሞን ሱቁ ውስጥ መጋረጃ ጋርዶ ለጓደኞቹ ሲያሳያቸው በሳቅ ፈረሱ።

ወ/ጋሼ (ታላቅ ወንድሜ፤ ወንድም ጋሼ እያሉ ሁሌ መጻፍ እጅ ያደክማል) ከመ/ቤት ያመጣሁት የሕንፃ ፕላን ይመስለዋል። ደሞዝ ሊጨምሩልሽ ይገባል እያለ ያልፋል። ባለፈ ቁጥር ሥዕሉን በክንዴ እሸፍናለሁ። ምክንያቱም ወሬው ሁሉ የሱ ነው። በደርግ ጊዜ ስምንት ዓመት ታስሯል። የሚያወራልን የሚያስቀውን ብቻ ነው። እኔ ሰማሁ፣ ሰረቅሁ፣ የሚቆረጥ አንገት ጨመርኩበት። አላስፈቀድኩትም። ምን ብዬ?

ሐሙስ፣ ጥር 22፣ ምሳ ሰዓት

ምነው በእናቴ ሆድ በቀረሁ!

ሰለሞን መ/ቤት በር ድረስ መጣ። ፊቱ አመድ። የታናሽ እህታችንን የሂሩትን ሠርግ የገለበጠበት ካሴት የእኛው ካሴት ነው። ባዶ መስሎት። ሠርጉ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ ካሴቱ ሦስት ሰዓት። ሠርጉ ሲያልቅ ክፍል 3 ይቀጥላል። ከሁሉም ክ. 3! ሻዩን ትቶ፣ ተጠርቶ የወጣው ሰውዬ፣ የወ/ጋሼ ወሬ!

እሑድ ደግሞ ቅልቅል ነው። ጎፋ፣ እኛው ቤት። ሁለቱ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው ያንን ካሴት ነው። ወ/ጋሼ መሐል ላይ፣ በአባታችን ቦታ ተቀምጦ።

ሰለሞንን ሰደብኩት። መልሼ ይቅርታ ጠየቅኩት። እህል አልበላ አለኝ።

ዓርብ፣ ጥር 23፣ ማታ 1 ሰዓት

ከሥራ ቀርቼ መካኒሳ አቦ፣ ሂሩት ጋ። ካሴቱ የለም። አማቷ እትዬ አስካለ ለታመመች እህታቸው ሊያሳዩ ወስደውታል። ታክሲ፣ ሀና ማርያም፣ እህታቸው ቤት። እትዬ አስካለ አገላብጠው ሳሙኝ። ቪዲዮው አለቀ ወይ አልኳቸው፣ እንደ ዋዛ። ማን ይጨርሰዋል፣ ሰው ሲበላ እያየን እንቅልፍ ወሰደን አሉ። እሰይ! ሠርግ ላይ ሲበላ የተቀረጸ ሁሉ ይባረክ!

ካሴቱስ? እንዳይጠፋ ብለው በልጃቸው ለወ/ጋሼ ልከውታል። ጠዋት። እኔ በታክሲ ስዞር ካሴቱ ቤታችን ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ወ/ጋሼ ቡፌው ውስጥ ቆለፈበት። ከእሑድ በፊት ማንም እንዳያይ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሳህን ላወጣ ነው ብዬ ቁልፍ ጠየቅኩ። ራሱ መጥቶ ከፈተ፣ ሳህኑን አቀበለኝ፣ ቆለፈ። አመሰግናለሁ አልኩ፣ ጅል።

ከሰዓት በኋላ ልነግረው ገባሁ። ሱሪውን ይተኩሳል፣ ያፏጫል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። ምን ፈለግሽ አለኝ። ካውያውን ስትጨርስ አቀብለኝ ብዬ ወጣሁ። ፈሪ! ፈሪ!

ነገ ከቪዲዮ ማጫወቻው፣ ከዴኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። የሠርጉ መጨረሻ ላይ ሙሽሮቹ መኪና ሲገቡ አጠፋዋለሁ። አለቀ።

እሑድ፣ ጥር 25፣ ማታ 3 ሰዓት

ዴኩ አጠገብ ነበርኩ፣ ደብተሬ። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ቪዲዮው ላይ ሙሽሮቹ ከድንኳን ሲወጡ እትዬ አስካለ እራት ይቅረብ አሉ፣ ወ/ጋሼም እጅ አስታጥቢ አለኝ። የቤት ልጅ ነኝ፣ አማቾች ናቸው፣ እምቢ አይባል። ሦስተኛው ሰው እጅ ላይ ውሃ እያፈሰስኩ ሠርጉ አለቀ።

ክ. 3 ጀመረ። እስረኛ ቁጥር አስራ አንድ ይጠራል። የሻይ ብርጭቆውን መሬት ያስቀምጣል። ሻዬን እንዳትነኩ፣ እመለሳለሁ ይላል። ከግድግዳው ጀርባ፣ ቧ! ጭንቅላቱ ብቻውን እየተንከባለለ ይመለሳል፣ ሻዬስ ይላል። አካሉ ግድግዳ እየዳበሰ ይከተለዋል። ይገጣጠማሉ፣ ይጠጣል፣ ሻዩ በአንገቱ ዙሪያ ይፈሳል። ቆጠራ ሞላ።

አማቾቹ ሳቁ። እትዬ አስካለ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሂሩት አልሳቀችም፣ የማን ወሬ እንደሆነ ታውቃለች። ወ/ጋሼ ተነስቶ ግቢ ወጣ። ሲመለስ እንግዶቹን እየሳመ፣ እየመረቀ ሸኘ። እኔን አላየኝም። አንዴም።

ሰኞ፣ ጥር 26

ቁርስ ሳይበላ ወጣ። ማታ እንደምን አመሸህ ስለው፣ ደህና። ይኸው ነው።

ተናደድኩ። ራሱ እያሳቀ አይደል እንዴ ያወራልን? ያንን የሻይ ወሬ መቶ ጊዜ ሰምተን መቶ ጊዜ ስቀናል! ከዚያ አፈርኩ። እሱ ወሬውን ሰውዬው እመለሳለሁ ብሎ ሲወጣ ያቆመዋል። ሰውዬውን የመለስኩት እኔ ነኝ። ማን መልሺው አለኝ?

ረቡዕ፣ ጥር 28፣ ከቀኑ 12 ሰዓት

መጣ። ወ/ጋሼ ክፍሌ ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አምጪው አለ። ሁሉንም ዘረጋሁለት። አንድ በአንድ አየ። ጓጉንቸሩ ላይ ፈገግ ያለ መሰለኝ፣ እንጃ።

ከዚያ ተናገረ። ሰውዬው ንጉሤ ይባላል። ስሙን ሲጠራ ዛሬ ገና ሰማሁ። ሻዬን እንዳትነኩ ብሎ ለሁሉም አልተናገረም። ለወ/ጋሼ ነው፣ ብርጭቆውን እጁ ላይ አድርጎ ጠብቅልኝ ያለው። ሻይ በቀን አንዴ ነበር የሚሰጣቸው።

ጠጣሁት አለኝ። በሩ ከመዘጋቱ። ትኩስ እያለ። እንደማይመለስ አውቅ ነበር፣ ለዚህ ነው ያልጠበቅኩት አለኝ።

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ሁሉንም አቃጥላለሁ አልኩት። ተቆጣ። ምን ሲደረግ! ክ. 4 ላይ እንደገና መልሺው፣ ጭንቅላቱ ሲመለስ ብርጭቆው ባዶ ይሁን፣ የጠጣውን ሰው ሳዪው፣ የኔን መልክ አድርጊው። ያስቅ ደግሞ፣ ንጉሤ የማያስቅ ነገር አይወድም አለ።

እሺ፣ ታዲያ ንጉሤ ባዶውን ብርጭቆ ሲያይ ምን ይላል? አልኩት።

እኔ ምን አውቃለሁ አለኝ። የምትስዪው አንቺ ነሽ። እስቲ ምን ይለኛል?

ሐሙስ፣ ጥር 29፣ ከቀኑ 10፡20

ወስኛለሁ። እስለዋለሁ።

ከመ/ቤት ቀድሜ ወጣሁ። የወ/ጋሼን አፍንጫ አራት ጊዜ አጠፋሁ፣ በአምስተኛው እሱን መሰለ። ብርጭቆው ባዶ። ጭንቅላቱ ደጃፉ ላይ ደርሷል።

ወ/ጋሼ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀምጧል። እርሳሴን ነው የሚያየው። ንጉሤ ብርጭቆውን አየ፣ ቀና ብሎ ወ/ጋሼን አየ፣ አፉን ከፈተ፣ እና፣ ስኳሩ በቅቶት ነበር? አለው።